የሠርጉን ግፊያ ሣልኩና መድረኩ ተሟሟቀ

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እሑድ ማታ ነው። ከሠርግ ገብቼ፣ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ።

ታፔላ ሠዓሊ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ሴት፣ የጥርስ ሐኪም መንጋጋ እየሣልኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ያን ማታ ግን ማንም ሳያዘኝ ሣልኩ።

በመክፈቻው ላይ የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው። ሠርጉ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነበር። ሣር ላይ የተተከለ ነጭ ድንኳን፣ ጨርቅ የለበሰ ወንበር፣ ከኋላ ሐይቁ። ፎቶው ላይ ገነት ነው። ለተቀመጠበት ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ርሷል። ከፊቴ የነበረች እህት ልትነሣ ስትል የጫማዋ ተረከዝ ሰመጠ። እግሯ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ጎንበስ ብላ እንዳትነቅለው ቀሚሷ አላስጎነብስ አላት። በአንድ እግሯ ቆማ ለካሜራው ፈገግ አለች። ድሮኑ አናታችን ላይ እንደ ንብ ይጮኻል። ስፒከሩ ደረት ውስጥ ገብቶ ይደልቃል። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር ነገሩኝ። አልሰማሁም። ግን ሳቅሁ፤ ሰው ሲያጫውትህ ምን ታደርጋለህ? ኋላ ሲገባኝ ለካ የሚነግሩኝ የወንድማቸውን ሞት ነበር።

ከዚያ ምግብ ቀረበ ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ቡፌው ወዳለበት ወደ አንዲት የድንኳን በር ጎረፈ። ሚዜው፣ ባለ ከራባቱ፣ ባለ ጥበብ ቀሚሷ፣ ሕፃን ያዘለችው። ሦስት ሰው እኩል ገብቶ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። ሦስቱም ግን ፈገግታቸውን አልለቀቁም። ቤቴ ገብቼ የሣልኩት ያቺን በር ነው።

ሥዕሉን ለጠፍኩና አጠገቡ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ሥዕል አያያዝኩ። ጆርጅ ክሩክሻንክ በ1818 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የተጨናነቀ የቤተ መንግሥት እንግዳ መቀበያ መከራን የሚያሳይ ነው። ሴቶቹ አናታቸው ላይ ረጃጅም የሰጎን ላባ ሰክተዋል፤ ቀሚሳቸው ከሥር እንደ ጎጆ ጣራ ተወጥሯል። ሰው ከሰው ተጣብቋል። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ የዚያ ጊዜ የለንደን ግፊያና የእኛ ግፊያ አንድ ከሆነ፣ እኛ አገር በድግስ የሚያላግጥ ሥዕል ለምን የለም? ተመችቶኛል እያለ የሚሰቃይን ሰው መሣል ነውር ነው ወይ?

ከዚህ በኋላ የመጣውን መልስ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። ሁሉንም አይደለም፤ የሚረባውን።

ቁጥር 1 ትሑት ሰው ነው። እጄን ባረከልኝና በሩ ላይ ከተቀረቀሩት አንዱ እሱን እንደሚመስለው ጻፈ። በዚያ ሠርግ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሠርግ ላይ እንደዚያ መሆኑን አልካደም።

ቁጥር 2 አንዲት ሴት ናት። የጠየቀችው የሰመጠው ጫማ ምን ቀለም እንደነበር ብቻ ነው። ቀልድ መስሎኝ ጥቁር ነው ብዬ አለፍኩ።

ቁጥር 3 አረመኝ፤ በጨዋ ደንብ። ዲያቆን መሆኑን አስቀድሞ ነገረን። የሚያላግጥ ሥዕል የለም ማለቴ ትክክል እንዳልሆነ፣ ዘጌ ተሻግሬ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ረጋ ብዬ እንዳይ መከረኝ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሥላል። ይሁዳም እንደዚያ ነው፣ ሰይጣንም እንደዚያ ነው። ሠዓሊው አንድም ቃል ሳይጽፍ ማን ምን እንደሆነ ያሳውቃል፤ ይህ የተማረ ሽሙጥ ካልሆነ ምን ሊባል ነው የሚል ነበር አነጋገሩ። የራሴን ሥዕል ተመልሼ አየሁት። ሦስቱንም በጎን ነው የሣልኳቸው። ሆን ብዬ አይደለም፣ ግን ሆነ።

ቁጥር 4 ዑራ ሲባል ዓይኑ በራ መሰለኝ። እዚያው ግድግዳ ላይ ያለው በላዔ ሰብእ የዛሬን ቡፌ ቢያይ ተራ ይለቅ እንደነበር ቀለደ። ቁጥር 5 ወዲያው ደረሰበት፣ በቁጣ። የቤተ ክርስቲያን ነገር የሠርግ ወሬ ማሟሟቂያ እንዳልሆነ፣ ደግሞም ያ ታሪክ የመብላት ታሪክ ሳይሆን የምሕረት ታሪክ መሆኑን አስረዳው፦ 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋለት። ቁጥር 6 ላይ ያው ቀልደኛ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ውስጥም ትንሽ ቀልድ ነበረችበት፤ ቁጥር 5 አላያትም ወይም አላየሁም አለ።

ቁጥር 7 ረጅም ነው፤ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ሳይሆን አይቀርም። የ1818ቱ ሥዕል ሳቅ ከየት እንደመጣ አብራራልን። በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥት ውጪ ያን የተወጠረ ቀሚስ የሚለብስ ሰው አልነበረም። ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል። ከተማው ወገቡ ከፍ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ቀሚስ ነበር የሚለብሰው። ንግሥት ሻርሎት ግን እሷ ዘንድ የሚቀርብ ሁሉ የድሮውን እንዲለብስ ደንብ አደረገች። ስለዚህ ሴቶቹ የአዲሱን ፋሽን ወገብ ከአሮጌው ፋሽን የቀሚስ መወጠሪያ ቀለበት ጋር አዳቀሉት፤ ቀሚሱ ከደረት ሥር ጀምሮ ክብ ሆኖ ተነፋ። ማንም አልወደደውም፣ ሁሉም ለበሰው። ንግሥቲቱ ያው በ1818 መጨረሻ ላይ ሞተች፤ ደንቡ የቀረው ልጇ ጆርጅ አራተኛ ከነገሠ በኋላ በ1820 ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሥዕሉ ሌላ ሆኖ ታየኝ። እኔ የሰው ብዛት ላይ ነበር የሳቅሁት። ለካ ቀልዱ ሰው ሁሉ ማንም የማይፈልገውን ነገር ተሸክሞ መግፋፋቱ ላይ ነው።

ቁጥር 8 ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ማስላት ጀመረ፤ 1810 ወይም 1811 እንደሚሆን፣ ይህም ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ቋራ ላይ የተወለዱበት ዘመን እንደሆነ አስታወሰን። በቃ፣ ክሩ ከሐይቁ ማዶ ተሻገረ። ከ9 እስከ 12 ያለው ስለ ቴዎድሮስ ነው፤ ማን ከማን እንደተሰዳደበ አልነግራችሁም። ቁጥር 13 አድሚኑ ነው። ወደ ሠርጉ እንድንመለስ አዘዘ።

የመለሰችን ቁጥር 14 ናት፤ እግዜር ይስጣት። እህቷ ስትዳር ሚዜ ነበረች። ሙሽራዋ ሽቦ ያለው ጅፖን ከሥር የለበሰች ናት፤ ቬሎው በኪራይ ነው። ከውበት ሳሎን ወጥተው የሙሽራ መኪናው ዘገየ፤ ዝናብ መጣ፤ ያለው ባጃጅ ብቻ ነው። ሙሽራዋ ስትቀመጥ ሽቦው ከፊት ተነሥቶ አገጯን ነካ። ወደታች ሲጫኑት በግራ በቀኝ በበሩ ወጣ። ለሚዜ ቦታ ጠፋ። በመጨረሻ ሽቦውን ከወገቧ ፈትተው አወጡትና ሚዜዋ ዣንጥላ ይመስል አናቷ ላይ ይዛው ከኋላ በሌላ ባጃጅ ተከተለች። የባጃጁ ሹፌር የዶሮ ቆጥ እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ሙሽራዋ ቀሚሱ ሟሽሾባት አዳራሽ ገባች፣ ስትስቅ ነው የገባችው፤ ያን ቀን ካነሧት ፎቶ ሁሉ ያማረው ያኔ የተነሣው መሆኑን ነገረችን።

ቁጥር 15 ሰፊ ቬሎ ጣናን እንደወረረው የእምቦጭ አረም መሆኑን ጻፈ፦ ሲመጣ ያምራል፣ ሳታውቀው ቦታውን ሁሉ ይይዛል። ብዙ ላይክ አገኘ። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ ትንሽ ያማል።

ከዚያ ቁጥር 16 መጣ። ቃሉ ስለታም ነው። በልቼ ጠጥቼ የወጣሁበትን ድግስ ለሳቅ ማቅረቤን ከወጪት ሰባሪ ለይቶ አላየውም። ክሩክሻንክ የሣለው የንግሥት ቤት ነው፤ ባለጸጋ ላይ መሳቅ ሌላ። እኔ የሣልኩት ግን ዕቁብ ጥሎ፣ ተበድሮ፣ ለአንድ ቀን ሰው መስሎ ለመታየት የደከመ ቤተሰብን እንደሆነ፣ እንግሊዞቹን እንደ ምስክር ማምጣቴም ነውሩን እንደማይሸፍነው ጻፈ። መልስ ጽፌ አጠፋሁ። ሌላ ጽፌ አጠፋሁ። ከፊል እውነት ያለው ስድብ ነው ሰውን የሚያስቸግረው።

ቁጥር 17 ልታስታርቀን ሞከረች። ግፊያውን ትታ ይሉኝታውን የያዘ ሌላ ሥዕል አመጣች፤ የጄምስ ጊልሬ ነው፣ 1804 እ.ኤ.አ.። አንዲት ሴት አምስት ወንዶች ከበዋት ሻይ ይጠጣሉ። ሴትዮዋ ደወል ልትደውል ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንዴት አንቺ ትነሻለሽ ተብሎ አምስቱም እኩል ዘለሉ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ሻዩ ፈሰሰ። እንዲህ ያለው ጨዋነት ለእኛም እንግዳ አለመሆኑን አከለችበት። ቁጥር 18 ቀጠለላት፦ ክርስትና ቤት፣ ጠባብ ሳሎን፣ ሁሉም ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፤ ኖር ተባለ። አሥራ ምናምን ሰው ከነሳህኑ ግማሽ ተነሣ። በእግዜር ብለው እስኪያስቀምጡት ድረስ የአንዱ ዶሮ ወጥ በሌላው ነጠላ ላይ ነበር። ትልቁ ሰው ሦስት ቤት ተጠርተው ስለነበር አንዲት ጉርሻ ተቀብለው ወጡ። ሲወጡም እንደገና ተነሡላቸው።

ክሩ የጣመኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ቁጥር 19 ጎጃም ውስጥ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ቶማስ ሮላንድሰን በ1811 እ.ኤ.አ. ገደማ ያወጣውን የደረጃ ሥዕል ያውቀዋል። በለንደን የነገሥታቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዓመታዊ ትርኢቱን በሰመርሴት ሐውስ የሚያሳየው ከላይኛው ፎቅ ነበር። እዚያ የሚያደርሰው ደረጃ ጠመዝማዛና ዳገታማ ነው። ሮላንድሰን ሰዉን ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ ሲንከባለል ሣለው። ሥዕል ሊያዩ የመጡት ወንዶች ሥዕሉን ትተው በወደቁት ሴቶች ላይ አፍጥጠዋል። የሥዕሉ ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ ደረጃም ይሆናል፣ ማፍጠጥም ይሆናል፤ ድምፁ አንድ ነው። ለዚህ ሰው ይህ ሰምና ወርቅ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ወርቅ እንደሚወጣው ጨመረ፦ ደረጃ አንዱ የድንጋይ ነው፣ አንዱ የማዕረግ። ሰዎቹ ከየትኛው እንደወደቁ ሠዓሊው አልነገረንም።

ይህን ሳነብ ብሩሼን አስቀመጥኩ። የእኛም ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ናቸው፣ ቪአይፒ የተባለው በገመድ ታጥሯል፣ እኛ ሣር ላይ ነን። በድሮ የግብር ድግስም ሰው በማዕረጉ ነበር የሚገባው።

ቁጥር 20 ግን አልተደሰተም። የቃላት መገጣጠም ብቻውን ቅኔ እንደማይሆን፣ ቅኔ የግእዝ እንደሆነ፣ ልክና ቤት እንዳለው፣ አጭሩ የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና እንኳን ሁለት ቤት መሆኑን አሳሰበ። ቁጥር 19 ሰምና ወርቅ እንጂ ቅኔ አለማለቱን መለሰ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን እስከ ቁጥር 22 አልተስማሙም።

ቁጥር 23 ጥያቄዬን ራሱን ገለበጠው። ሠዓሊ ያጣነው ሥራውን አዝማሪ ስለያዘው ነው ባይ ነው። ማሲንቆውን ይዞ መሐል ገብቶ የባለ ቦርጩን ቦርጭ፣ ያልከፈለውን ያልከፈለበትን የሚያወጣ ሰው እያለን ወረቀት ምን ያደርግልናል? እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዝማሪ ቤት ያየውን ነገረን። ሱፉ የጠበበው አንድ ሰው ተቀምጧል። አዝማሪው ሱፉ የታናሽ ወንድሙ እንደሆነ አድርጎ ገጠመበት። ቤቱ ፈረሰ። ሰውየው ራሱ እየሳቀ ተነሥቶ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ኋላ ሲጣራ፣ ተቀበል ብሎ ግጥሙን ለአዝማሪው በጆሮው የሰጠው እዚያው ጥግ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ሱፉም የእውነት የእሱ ነው።

ቁጥር 24 ይህን ከለንደን ጋር አገናኘችው። ጊልሬም ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ከሌላ ሰው ይቀበል ነበር። ጨዋ ሰዎች በወዳጆቻቸው ላይ ሊስቁ ሲፈልጉ የተሞነጨረ ወረቀት ይሰጡታል፤ እሱ አሳምሮ በመዳብ ላይ ይቀርጸዋል። የሚኖረውም ከአሳታሚዋ ከሐና ሀምፍሪ ሱቅ ላይ፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 27 ነበር። አዲስ ሥዕል መስኮቱ ላይ ሲወጣ መንገደኛው ይሰበሰባል። የተሣለውም ሰው መጥቶ ያያል። ልዩነቱ፣ ጊልሬ ወረቀቱን ሸጦ ይበላል፤ አዝማሪው የሚሸለመው ከሰደበው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የእኛ ስድብ ለዛ ይበዛዋል፣ የእነሱ ጥርስ። ይህን እኔ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ። የጣናዋ ቤተ ክርስቲያን ናርጋ ሥላሴ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው መሣላቸውንም አነሣች፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከፋይ ሥዕሉ ውስጥ ሲገባ የሚገባው እንደዚያ ነው።

ከ26 እስከ 31 ስለ ዓሣ ነው። እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም። ሠርግ ላይ የቀረበ ቆሮሶ ቀዝቅዞ እንደነበር አንዱ አማረረ፤ ሌላው የቆሮሶ ጥብስ ከሐይቁ ወጥቶ በሰዓቱ ካልተበላ ዋጋ እንደሌለው፤ ሌላዋ ዱለቱ እንደሚሻል። አድሚኑም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ቁጥር 30 እሱ ነው።

ቁጥር 33 ጸጥ አሰኘን። የድግስ ምግብ ዝግጅት ላይ የምትሠራ ሴት ናት። ሥዕሌን አጉልታ አይታዋለች። ከሰዉ አናት በላይ አምስት ሳህን ሥያለሁ፤ እጅ ግን የላቸውም፣ ብቻቸውን ይበራሉ። ያን ሳህን የሚይዝ ሰው እንዳለ አስታወሰችኝ። ሁሉም ወደ ውስጥ ሲገፋ ወደ ውጪ የምትወጣው እሷ ናት። እንዴት እንደሚታለፍም ጻፈችልኝ፦ በጀርባ ነው የሚገባው፣ ክርን ወደ ውጪ፣ ድስቱ ደረት ላይ፣ ትኩስ መሆኑን እየጮኹ። ባለፈው አንዱ ለሰልፊ ድንገት ዞረና የቀይ ወጡ ድስት አንጓዋ ላይ ቀረ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ምልክት አላት። ከጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ቆማ የበላችው ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። አልተቆጣችም። ልኬቱን እያስተካከለችልኝ ነበር የምትመስለው።

ቁጥር 36ን ሳይ ልቤ ደነገጠ። የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ነው። ሆቴሉን የመረጡት እናቱ መሆናቸውን ጻፈ። አባታቸው የዘጌ ሰው ነበሩ፤ በታንኳ እንጨት እየጫኑ ባሕር ዳር ያመጡ ነበር። እናቱ ያን እንጨት ዳር ላይ ተቀብለው በጀርባቸው ወደ ገበያ ይወስዳሉ። ለልጃቸው ሠርግ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሐይቁን ማየት። አዩት። ዝናቡም፣ ስፒከሩም፣ በሩም ለእሳቸው አልታያቸውም።

ቁጥር 16 የሚጠብቀው ይህን ነበር፤ ቁጥር 37 ላይ ተመልሶ ይቅርታ እንድጠይቅ ጻፈ። ጠየቅሁ፤ ከልቤ ነው። ወንድምየው ግን ቁጥር 39 ላይ ይቅርታ እንዳልፈለገ፣ ሥዕሉ ስህተት ስላለበት እንደመጣ አስረዳ። በሩ ላይ የተቀረቀረው ሦስት ሰው አልነበረም፤ አራት ነው። የቪዲዮው ቅጂ እጁ ላይ አለ። አራተኛው በሁለት እጁ ሁለት ሳህን የያዘ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ እየገፋ ያለ ሰው ነው።

ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስኩት እኔ ነበርኩ። አንዱ ሳህን የእኚያ አባት ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት።

ሥዕሉን ደግሜ እየሠራሁት ነው። በሩን አስፍቼዋለሁ፣ አራት ሰው እንዲቀረቀርበት። የራሴ አፍንጫ በጎን አስቸገረኝ። ምግብ የምታቀርበውን ሴት በጀርባዋ፣ ክርኗን ወደ ውጪ አድርጌ አስገብቻታለሁ። ወንድምየው ሲያልቅ ይፈልገዋል፤ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ እናቱ ከኋላ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን እንዲሣሉ ነው።

ትናንት ማታ ቁጥር 42 ገባ። ያቺ ቁጥር 2 ናት። ጫማው ጥቁር ከሆነ የእሷ መሆኑን፣ የግራ እግር፣ 38 ቁጥር፣ ሆቴሉ ሄዳ ብትጠይቅ አትክልተኛው ሣሩን ከማጨዱ በፊት ምንም እንዳላየ እንደነገራት ጻፈች። ሥዕሉ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ምልክት አድርጌ እንድልክላት ትፈልጋለች።